ከሎሚ ቅጠል እስከ ክንፍ፦ የቢራቢሮ ትልን በመማሪያ ክፍል ስለ ማሳደግ

የሎሚ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥለው አንድ በአንድ ነው። በዛፉ ዙሪያ ጥቂት ታንዣብብና ለጋ ቀንበጥ መርጣ ታርፋለች፤ በፊት እግሮቿም ቅጠሉን ደጋግማ ትነካካለች። የቢራቢሮ እግር ጣዕም ይለያል፤ ያረፈችበት ቅጠል የሎሚ መሆኑን የምታረጋግጠው በእግሯ ነው። ከዚያ የሆዷን ጫፍ ወደ ታች አጥፋ፣ ስፋቷ 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ፈዛዛ ቢጫ እንቁላል ለጥፋ ትነሣለች። የጠነከረውን አሮጌ ቅጠል እምብዛም አትመርጥም፤ ገና የተፈለፈለ ትል መንጋጋው የሚችለው ለጋውን ነውና። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ቢራቢሮ የማሳደግ ሥራም የሚጀምረው ከዚህች እንቁላል፣ ይልቁንም እንቁላሏን ከተሸከመው ዛፍ ነው።

ይህች ቢራቢሮ በሳይንሳዊ ስሟ ፓፒሊዮ ዲሞዶከስ ትባላለች። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው፣ ከቀይ ባሕር ማዶም በደቡብ ዐረቢያ ትገኛለች። ሎሚና ብርቱካን በሚለማባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎችም የተለመደች ናት። ክንፎቿ ሲዘረጉ 10 ሴንቲሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሆናሉ፤ መደባቸው ጥቁር ሆኖ ቢጫ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮበታል፤ በኋለኛው ክንፍ ላይ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያለው የዐይን ቅርጽ አለ። ትሏ የሎሚ፣ የብርቱካን፣ የመንደሪንና የትርንጎ ቅጠል ይበላል። ጤና አዳምም በዕፅዋት ምደባ የእነዚሁ ዘመድ ስለሆነ፣ በጓሮ የበቀለውን ቅጠሉን ገልበጥ እያደረጉ መፈተሽ አይከፋም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ትምህርት የሚሰጡት ከአቅራቢ ድርጅት በሚገዛ ዕቃ ነው። አምስት ስድስት ትሎች በአንዲት ክዳን ባላት ኩባያ ውስጥ፣ ከተዘጋጀ ምግብ ጋር ታሽገው ይመጣሉ። ዝርያዋ አብዛኛውን ጊዜ ቫኔሳ ካርዱይ የምትባለው፣ ሰሐራን አቋርጣ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ በመጓዝ የምትታወቀው ቢራቢሮ ናት። በአሜሪካ ሕያው ቢራቢሮ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ለመላክ የፌዴራል መንግሥቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ዘዴው ለመምህር ምቹ ነው፤ ነገር ግን ትልቅ ጉድለት አለበት። ሕፃኑ ትሉን ያያል እንጂ ትሉ የሚኖርበትን ተክል አያይም። ምግቡ ከየት እንደሚመጣ፣ እናቲቱ ያንን ተክል እንዴት እንደምታገኘው፣ ተክሉ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን የሚጠየቅበት አጋጣሚ ከኩባያው ጋር ታሽጎ ይቀራል። በአጥሩ ጥግ አንድ የሎሚ ዛፍ ያለው ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ መማሪያ አለው፤ ወጪውም ከካርቶንና ከሻሽ አያልፍም።

ከሥራው በፊት አንድ ፍርሃት መነሣት አለበት። አባጨጓሬ የሚለው ቃል በብዙ ሰው ጆሮ የሚያሳክከውን፣ ጠጉራሙን ትል ያስታውሳል። ልጆች ከትል እንዲርቁ የሚመከሩትም በከንቱ አይደለም፤ የአንዳንዱ ጠጉር ቆዳን ያቃጥላል፣ ዐይን ውስጥ ከገባም ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ሕጉ ግልጽ መሆን ይገባዋል፦ ጠጉር ያለው ትል በእጅ አይነካም። የሎሚው ትል ግን ገላው ልሙጥ ነው፤ አይናደፍም፣ አይነክስም። ሲነኩት ከራሱ ኋላ እንደ ባላ የተሰነጠቀ፣ እርጥብ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፤ ብርቱ ሽታም ይሰጣል። ቀንዱ ጉንዳንንና ሌሎች ትናንሽ ጠላቶችን ማባረሪያ ነው፤ ሰውን አይጎዳም። አንዴ ይህን ያየ ክፍል ፍርሃቱን ትቶ ሽታው ምን እንደሚመስል መከራከር ይጀምራል።

ወቅቱ በኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን ላይ ተቆርጦ የተሰፋ ይመስላል። ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዛፎች አዲስ ቀንበጥ አውጥተዋል፤ ቢራቢሮዎችም በየሜዳው ይታያሉ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ እንቁላል ወይም ትንሽ ትል ፈልጎ ማግኘት የሚቀልባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። የእድገቱ ፍጥነት በሙቀት ይወሰናል። እንደ ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ባለ ሞቃት ቦታ ከእንቁላል እስከ ቢራቢሮ ያለው ጉዞ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል፤ በደጋ ከተማ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ይጓተታል። ይህ ልዩነት ራሱ ትምህርት ነው፤ በቆላና በደጋ ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች መዝገባቸውን ቢያስተያዩ ሙቀት በነፍሳት እድገት ላይ ያለውን ሥልጣን በገዛ ቁጥራቸው ያዩታል።

ቤቱ ቀላል ነው። አንድ መካከለኛ ካርቶን ጎኑ በሰፊው ተቆርጦ በሻሽ ይሸፈናል። አየር በደንብ መግባት አለበት፤ የታፈነ ዕቃ ውስጥ ቅጠሉ ያልበዋል፣ ኩሱ ይሻግታል፣ ትሎቹም በበሽታ ያልቃሉ። በሻሹ ቦታ የአልጋ አጎበር መጠቀም የሚያጓጓ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ትሎቹን ይፈጃቸዋል። የሎሚው ቅርንጫፍ ውሃ በያዘ ትንሽ ሃይላንድ ውስጥ ይቆማል፤ አፉ ግን በጥጥ ይወተፋል። ካልተወተፈ ትሎቹ ግንዱን ተከትለው ወርደው ውሃው ውስጥ ይሰጥማሉ፤ በዚህ ሥራ ላይ በጣም ከሚደጋገሙት ጥፋቶች አንዱ ይህ ነው። ከሥር የሚነጠፈው ወረቀት በየቀኑ ይለወጣል። ካርቶኑ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ይቀመጣል፤ የጠረጴዛው እግሮችም ውሃ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ይቆማሉ፤ ጉንዳን እንቁላልንም ትልንም አይምርምና።

ቅጠሉ መድኃኒት ካልተረጨበት ዛፍ መቆረጥ አለበት። ባለቤቱን ሳይጠይቁ ከየትም የመጣ ቅርንጫፍ አይገባም፤ የተረጨ ቅጠል አንድ ሙሉ ክፍል የደከመበትን በአንድ ሌሊት ያጠፋዋል። ጥርጣሬ ካለ ለአንድ ትል ብቻ ሰጥቶ አንድ ቀን መጠበቅ ይሻላል። ምግብ አለቀ ተብሎ ጎመን ወይም ሰላጣ ቢሰጠውም ትሉ አይበላም፤ በምግብ መካከል በረሃብ ይሞታል። በዚህ ላይ ቅዳሜና እሑድ አለ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትኩስ ቅርንጫፍ መግባቱን የሚያረጋግጥ ተረኛ ካልተመደበ ሰኞ ጠዋት የሚገኘው ባዶ እንጨት ነው።

ስንት ትል ይበቃል? ስድሳ ተማሪ ላለበት ክፍል ስድስት በቂ ነው። ከዚያ ሲበዛ ቅጠል ማቅረብና ማጽዳት ከመመልከት ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ መጨናነቁም በሽታ ይጠራል። ለአሥር ልጆች አንድ ትል ሲደርስ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ትል ያውቀዋል፣ ይከታተለዋል፣ ስም ማውጣቱም አይቀርም።

እንቁላሉ በሞቃት ቦታ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ትሉ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበላው የራሱን የእንቁላል ቅርፊት ነው። ከዚህ በኋላ አምስት የእድገት ደረጃዎች አሉት፤ በየደረጃው መካከልም ቆዳውን ይጥላል፤ የነፍሳት ቆዳ እንደ ሰው ቆዳ አብሮ አያድግምና። ቆዳ ሊጥል ሲል መብላት አቁሞ አንድ ቀን ያህል ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። ታመመ ብለው የሚነካኩት፣ ወደ ሌላ ቅጠል የሚያዛውሩት ልጆች ብዙ ናቸው፤ በዚህ ሰዓት ከያዘበት የተላቀቀ ትል ግን አሮጌውን ቆዳ ማውለቅ አቅቶት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ዝም ብሎ የተቀመጠ ትል ዝም ብሎ ይተዋል።

በማግሥቱ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ፍሬ የምትመስል ነገር ትገኛለች፤ የአሮጌው ራስ ቅርፊት ናት። እነዚህን ቅርፊቶች በቅደም ተከተል በወረቀት ላይ መለጠፍ ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ይወጣዋል። አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሃሪሰን ዳያር እ.ኤ.አ. በ1890 እንዳሳየው፣ የትል ራስ ስፋት ከአንዱ ደረጃ ወደ ሚቀጥለው ሲሸጋገር የሚያድገው በቀረበ ቋሚ ብዜት ነው፤ በብዙ ዝርያዎች ብዜቱ 1.4 አካባቢ ነው። አጉሊ መነጽርና ማስመሪያ ያለው የላይኛው ክፍል ተማሪ ይህን ራሱ ለክቶ ሊደርስበት ይችላል። ለታችኛው ክፍል ደግሞ ትሉን ከካሬ ወረቀት አጠገብ አድርጎ ርዝመቱን በየቀኑ መመዝገብ ይበቃል።

እግሩን መቁጠርም አለ። በመጽሐፍ ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው ተብሎ ይነገራል፤ ልጁ የሚያየው ትል ግን አሥራ ስድስት አለው። መልሱ ቀርቦ በማየት ይገኛል። ከራሱ በታች ያሉት ሦስት ጥንዶች ሹልና መገጣጠሚያ ያላቸው እውነተኛ እግሮች ናቸው፤ ቢራቢሮዋም የምትወርሳቸው እነሱን ነው። ከኋላ ያሉት አምስት ጥንዶች ሥጋማ መያዣዎች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉ፤ ትልነቱ ሲያበቃም አብረው ይቀራሉ።

በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ትሉ ጥቁር ቡናማና ነጭ ሆኖ የወፍ ኩስ ይመስላል። ወፍ የራሷን ኩስ አትለቅምም። በአምስተኛው ደረጃ ግን መጠኑ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ሲሆን በዚያ መልክ ማታለል አይችልም፤ ያን ያህል የሚተልቅ የወፍ ኩስ እምብዛም አይገኝምና። ያኔ ቆዳውን ጥሎ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ ትከሻው ላይም የዐይን መልክ ያለው ምልክት ይታያል። አንድ ቀን ማታ ኩስ መሳይ የነበረው በማግሥቱ ቅጠል መሳይ ሆኖ ሲገኝ፣ ማን ለወጠው ብለው የሚጠይቁ ልጆች አይጠፉም። የጃፓን ተመራማሪዎች የዚህችው ቢራቢሮ የቅርብ ዘመድ በሆነችው ፓፒሊዮ ዙቱስ ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ለውጡን የሚያዘው በትሉ ገላ ውስጥ ያለ የታዳጊነት ሆርሞን መጠን መቀነስ መሆኑን አሳይተዋል። በዚህ ደረጃ ትሉ በዕድሜው ከሚበላው ምግብ አብዛኛውን ይበላል፤ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጆሮ ጠጋ ቢደረግ ሲቆረጥም ይሰማል።

ከዚያ አንድ ቀን ይቆማል። ሆዱን በፈሳሽ ኩስ ያጸዳል፤ ቅጠሉን ትቶ መንከራተት ይጀምራል። በካርቶኑ ውስጥ ቆመው የተተከሉ ደረቅና እርጥብ ጭራሮዎች የሚያስፈልጉት አሁን ነው። ከአንዱ ላይ ጅራቱን በሐር ክር ጉብታ ይተክላል፤ በወገቡም ዙሪያ አንዲት ክር እንደ መቀነት አዙሮ ራሱን ወደ ኋላ ያዘነብላል። በአንድ ቀን ገደማ ውስጥም የመጨረሻውን የትል ቆዳ ጥሎ ፑፓ ይሆናል። የፑፓው ቀለም አንዳንዴ አረንጓዴ፣ አንዳንዴ ቡናማ ነው፤ የሚወሰነውም በአብዛኛው በተተከለበት ቦታ ሁኔታ ነው። ለስላሳ አረንጓዴ ቅርንጫፍ እና ሻካራ ደረቅ እንጨት ጎን ለጎን አቁሞ ውጤቱን መመዝገብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ እውነተኛ ሙከራ ነው።

በፑፓው ውስጥ የሚሆነው ነገር በክፍል ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይነገራል። ትሉ ሟሙቶ ሾርባ ይሆናል፣ ከሾርባውም ቢራቢሮ ይሠራል ይባላል። እውነቱ ከዚህ ይበልጣል። ብዙ ጡንቻና የአንጀቱ ክፍል ይፈርሳል፤ የአየር ቧንቧዎቹና የነርቭ ሥርዓቱ ግን ተሻሽለው ይቀጥላሉ። ክንፉም ከምንም አይበቅልም፤ በትሉ ገላ ውስጥ ከቆዳው በታች እንደ ትንሽ ቡቃያ ተጣጥፎ ሲጠብቅ የኖረ ነው። ሆላንዳዊው ያን ስቫመርዳም ይህን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ትልን ቀድዶ በማየት አሳይቷል። ሆርሞኖቹን ለማወቅ ግን ተጨማሪ ዘመናት ወስዷል። ጀርመናውያኑ ቡተናንትና ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ቆዳ የመጣሉን ሆርሞን ለይተው ሲያወጡ፣ ከ500 ኪሎ ግራም የሐር ትል ፑፓ ያገኙት 25 ሚሊግራም ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በመጨረሻ የትልነት ደረጃው አንድን ሽታ እንዲሸሽ የተለማመደ የትምባሆ የእሳት እራት ክንፍ ካወጣም በኋላ ሽታውን እንደሚሸሽ አሳይቷል። ትሉ የተማረውን ይዞ ይሻገራል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለዓለም ያስተዋወቀው በአብዛኛው በቤት ውስጥ ትል ማሳደግ ነው። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን እ.ኤ.አ. በ1647 ፍራንክፈርት ተወለደች፤ የሐር ትል ማሳደግና መሳል ስትጀምር 13 ዓመቷ ነበር። በዘመኗ ብዙ ሰው ትል ከጭቃና ከብስባሽ ይፈጠራል ብሎ ያምን ነበር። እሷ ግን እያሳደገች ከእንቁላሉ እስከ ክንፉ፣ ከሚበላው ተክል ጋር በአንድ ገጽ ላይ ሳለችው፤ የመጀመሪያ የትሎች መጽሐፏም እ.ኤ.አ. በ1679 ታተመ። በ52 ዓመቷ ልጇን ይዛ ወደ ሱሪናም ተሻገረች፤ የዚያን አገር ነፍሳት የያዘው ትልቁ መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1705 ወጣ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በሣጥንና በቅጠል የጀመረችው ሥራ ሳይንስን ለወጠ፤ በዛሬው ክፍል ያለው ልጅ በእጁ የያዘው መሣሪያም ከእሷ ያነሰ አይደለም።

ስለዚህ የልጁ ደብተር ከካርቶኑ ይበልጣል። ቀኑ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የትሉ ርዝመት፣ የበላው ቅጠል ብዛት፣ ያልተለመደ ነገር፤ ከጎኑም ሥዕል። በስልክ የተነሣ ፎቶ ይጠቅማል እንጂ ሥዕሉን አይተካም። የሚስል ልጅ ስንት ነጠብጣብ እንዳለ ለመቁጠር ይገደዳል፤ ፎቶ ያነሣ ልጅ ሳይቆጥር ሊያልፍ ይችላል።

ሁሉም ፑፓ ቢራቢሮ አይሆንም። ከሜዳ የተሰበሰበ ትል ውስጥ ጥገኛ ተርብ እንቁላሏን አስቀድማ ጥላበት ሊሆን ይችላል። ያኔ ከፑፓው የሚወጣው የተጠበቀው ክንፍ ሳይሆን ሌላ ነፍስ ነው። አንዳንድ መምህር ልጆቹ እንዳያዝኑ ብሎ ይህን ፑፓ ደብቆ ይጥላል። መደበቁ ስሕተት ነው። በተፈጥሮ ከተጣሉት እንቁላሎች ቢራቢሮ የሚሆኑት ጥቂት ብቻ ናቸው፤ የሎሚ ዛፎች በትል ተበልተው ያላለቁት በእነዚህ ተርቦች፣ በጉንዳንና በወፎች ምክንያት ነው። ያዘኑ ልጆች ይህን ሲሰሙ ጥያቄያቸው ይጠልቃል፤ ተርቧም በደብተሩ ላይ ቦታዋን ታገኛለች።

ቢራቢሮዋ ልትወጣ ስትል ፑፓው ይጠቁርና የክንፉ ቢጫ በሽፋኑ ውስጥ ያሳያል። መውጣቱ ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል። ክንፎቹ ሲወጡ ትንሽና የተጨማደዱ ናቸው፤ ቢራቢሮዋ ተንጠልጥላ ከገላዋ ፈሳሽ እየገፋችባቸው ትዘረጋቸዋለች። መንጠልጠያ ካጣች ክንፏ ታጥፎ ይደርቅና ዕድሜ ልኳን አትበርም። ስትወጣ ታግዛ ሽፋኑ በጣት ከተከፈተላትም እንዲሁ ልትጎዳ ትችላለች። በዚህ መካከል ቀላ ያለ ፈሳሽ ትጥላለች፤ ልጆች ደም መስሏቸው ይደነግጣሉ። ደም አይደለም፤ በፑፓነት ዘመኗ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ብዙ እንባ ያድናል።

ክንፉ ለመጠንከር ሰዓታት ይፈልጋል። ከዚያ ፀሐያማ በሆነ ሰዓት፣ ትሉ በተገኘበት ዛፍ አጠገብ ትለቀቃለች። ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅ ተገቢ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ሞናርክ የተባለችውን ቢራቢሮ በብዛት በቤት ውስጥ ማሳደግ ተመራማሪዎችን አሳስቧል፤ በተጨናነቀ ቦታ ያደጉት ጥገኛ ተውሳክ ሊያዛምቱ ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናትም በቤት ውስጥ ያደጉት ወደ ደቡብ የሚያመራውን አቅጣጫቸውን እንደሚስቱ አመልክቷል። ጥቂት ማሳደግና በቦታው መልቀቅ የሚመከረው ስለዚህ ነው።

የሞናርክ አፍሪካዊት ዘመድ ዳናውስ ክሪሲፐስ በኢትዮጵያም አለች፤ ከ3,300 ዓመት በፊት በግብፅ በነባሙን መቃብር ግድግዳ ላይ የተሳለችው ብርቱካናማ ቢራቢሮ እሷ ናት። ትሏ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበት ያለው እጅግ የሚያምር ነው። ይሁን እንጂ የሚበላው ጦቢያንና ዘመዶቹን፣ ሲቆረጡ ነጭ ወተት የሚያፈሱትን ተክሎች ነው፤ ወተቱ ዐይንን ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ለሕፃናት ክፍል አትሆንም። የሎሚዋ ትሻላለች።

የሎሚ አልሚዎች ይህን ትል በተባይነት ያውቁታል፤ በችግኝ ጣቢያ ላይ ጉዳቱ እውነት ነው፤ አንድ ሁለት ያደጉ ትሎች ትንሽ ችግኝን ያራቁታሉ። ያደገ ዛፍ ግን ጥቂት ትሎችን ችሎ ያልፋል። የሎሚ ዛፍ የሌለው ትምህርት ቤት በመጪው ክረምት ሦስት አራት ችግኝ በአጥሩ ሥር ይትከል። ለትሉ የሚያስፈልገው ቅጠል እንጂ ፍሬ አይደለምና፣ ዛፉ ገና ሳያፈራ፣ ቅጠሉ በበዛበት ዓመት መስከረም ላይ ሥራው ሊጀመር ይችላል።